የአባ ረመጥ እሳት

«እሳቱ ጠፍቶ የማያውቅ አንድ ሰው ነበረ።»

የኔታ ነገሩን እንዲህ ጀመሩት። ከፊታቸው የተቀመጠው ተማሪ ከቅኔ ቤቱ ሊሰናበት የመጣ ነበር። የዚያን ቀን እሳት ከመንደር የመጫር ተራው የእርሱ ስለነበር፣ ጠዋት ፍሙን አምጥቶ፣ የየኔታን ምድጃ አቀጣጥሎ፣ ከዚያ ደበሎውንና አኩፋዳውን አንድ ላይ አስሮ ከደጅ አስቀመጠ። ከጓደኞቹ ሁሉ በትጋት የሚበልጥ ልጅ ነበር። የሰማውን አይጥልም፤ አንዲት ቃል ከምትጠፋበት እንቅልፉ ቢጠፋ ይመርጣል። ስንብቱንም በጥያቄ ጀመረው።

«የኔታ» አለ፣ «ጓደኞቼ ዝንብ አይተው ምሥጢር ያገኛሉ። አንዱ ከጉንዳን፣ አንዱ ከተሰበረ እንስራ ትልቅ ነገር አውጥቶ ይመጣል። እኔም ያንኑ ጉንዳን፣ ያንኑ እንስራ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ምንም አይነግረኝም። ያስተማሩኝን አንዱን ሳልጥል ይዤዋለሁ። ከያዝኩት ግን እስከ ዛሬ አንድም አልበራልኝም። የጎደለኝ ምንድን ነው? ወይስ መጀመሪያውኑ ለዚህ አልተፈጠርኩም?»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እሳቱን በዐይናቸው እያመለከቱ፣ ስለዚያ ሰው ይነግሩት ጀመር።

ሰውየው የሚኖረው ክብሪት ባልደረሰበት አገር ነበር። በዚያ አገር እሳት ይጠበቃል እንጂ በየቀኑ አይሠራም። ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑታል፤ ጠዋት አመዱን ገልጠው፣ ጭራሮ ጨምረው፣ እፍ ይሉታል። እሳቱ የጠፋበት ቤት ገል፣ ማለት የሸክላ ስባሪ፣ አስይዞ ወደ ጎረቤት ይልካል። «እሳት ልጫር» ይላል የመጣው፤ ባለቤቱም ከገሉ ላይ አመድ ጎዝጉዞ ፍም ያደርግለታል። ገል ይዞ መሄድ የሴትና የልጅ ሥራ ነው። ጢም ያወጣ ወንድ ገል ይዞ ከታየ መንደሩ እስከ መስቀል ድረስ ይስቅበታል።

ይህ ሰው ምድጃውን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ አባቱም ከአባቱ። በሦስቱ ጉልቻ መካከል ያለው እሳት ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም ይባል ነበር። አባቱ ሊሞት ሲል ስለ ከብቱ አልተናዘዘም፣ ስለ መሬቱም አልተናገረም። እጁን ወደ ምድጃው ዘርግቶ «እሳቱን አደራ» አለና ዐረፈ።

ልጁ አደራውን ተቀበለ። ጠንቃቃ ሰው ነበር። ሌላው አመዱን እንደመጣለት ዝቆ ይዳፍናል፤ እርሱ አመዱን በወንፊት ይነፋል። ሌላው ዳፍኖ ይተኛል፤ እርሱ ከመኝታው ተመልሶ በመዳፉ ይዳስሰዋል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ከመጣ ሌላ አመድ ይጨምርበታል። ስለዚህ የመንደሩ ሰው አባ ረመጥ ብሎ ሰየመው። መጀመሪያ ስሙ የክብር ስም ነበር።

በአባቱ ዘመን ያ ምድጃ የመንደሩ ሁሉ ምድጃ ነበር። ማንም ይመጣል፣ ማንም ይጭራል። ልጁ ግን አንድ ቀን ለጎረቤት ፍም ሰጥቶ ወደ ምድጃው ሲመለስ የቀረው እሳት የደከመ መሰለው። በእውነት ደክሞ ነበር? እርግጠኛ አልነበረም። እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር ደግሞ የአባቱን አደራ አይሞክርበትም። «ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያልኩ አንድ ቀን ባዶ አመድ ታቅፌ ብቀርስ?» አለ በልቡ። «ሰውስ ምን ይላል? እሳት አመድ ወለደ ይላል።» ተረቱ ከሁሉ ይልቅ እርሱን የሚያስፈራው ተረት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር።

በዚያ አገር ላም በወለደች ሰሞን ከቤት እሳት አይወጣም፤ ወተቱ ይነጥፋል ይባላል። «ላሜ ወልዳለች» ያለ ሰው ሁለተኛ አይለመንም። አባ ረመጥም ገል የያዘ ሰው ከደጁ በቆመ ቁጥር «ላሜ ወልዳለች» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ሰዎቹ «እንኳን ደስ ያለህ» እያሉ ተመለሱ። ቆይተው ግን እርስ በርሳቸው ይተያዩ ጀመር።

«የአባ ረመጥ ላም ምን ዓይነት ላም ናት?» አለ አንዱ።

«ድመት ሳትሆን አትቀርም» አለ ሌላው።

«ኧረ ድመትስ እንደርሷ አትወልድም!»

በመጨረሻ የመለሳት ከወንዙ ማዶ የምትኖር አንዲት አሮጊት መበለት ነበረች። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ገሏን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከደጁ ቆመች። «ላሜ ወልዳለች» አላት። መበለቲቱ ዘወር ብላ በረቱን አየች። በበረቱ ሁለት በሬዎችና አንዲት ጥጃ ሆና የተገዛች ጊደር ብቻ ነበሩ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችና ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ገል ይዞ የሚመጣ ሰው ጠፋ። እሳቱ የእርሱ ብቻ ሆነ። ጠዋት ይገልጠዋል፤ «አለ» ይላል። ማታ ይዳፍነዋል፤ «አለ» ይላል። መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ በረታ። የሳር ክዳኑ ሁሉ ያፈስ ጀመር፤ የማይሞላ ወንዝ ሞላ። የአባ ረመጥ ሚስት ወንድ ልጅ የወለደችው በዚያ ሰሞን ነው። አዋላጇ ሴት ሥራዋን ጨርሳ፣ አራሷን ጠቅልላ፣ መንገዱ ሳይጨልምባት ወደ ቤቷ ሄደች። ሌላ ጠያቂ ሴት አልመጣችም፤ ወደዚያ ቤት መምጣት ከተተወ ቆይቷል።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አባ ረመጥ ከምንጊዜውም በላይ ተጠነቀቀ። አራስና ሕፃን ያለበት ቤት እሳቱ ሊጠፋ አይገባም። አመዱን ነፋው፣ ደግሞም ነፋው፤ እንደ ዱቄት ላመ። በፍሙ ላይ ቆለለው፣ በመዳፉ ጠቀጠቀው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ እንዳይነካው ሰፊ የሸክላ ክዳን ደፋበት። በክዳኑ ዙሪያ ያለውንም ክፍተት በጭቃ መረገው። «አሁን ውሃም ነፋስም አያገኘው» አለና ደስ ብሎት ተኛ።

ሲነጋ ጭቃውን ላጠ፤ ክዳኑን አነሣ፤ አመዱን ገለጠ።

ጢስ አልነበረም። ፍሙ ግን እንዳለ ነበር። አንዱም አልጎደለም፣ የአንዱም ቅርጽ አልተለወጠም። ጥቁር ነበር። እጁን ሰደደና አንዱን አነሣው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቱን እሳት በእጁ ያዘ። ቀዝቃዛ ነበር።

ዝናቡ አልደረሰበትም፤ ነፋሱም አልደረሰበትም። የደረሰበት እርሱ ብቻ ነበር።

«ጢስ አልሸተተኝም» አለች ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ።

«እንጨቱ ረጥቦ ነው» አላት።

ከሣጥን ሥር የቆየ ባልጩትና የብረት ቁራጭ አወጣ። በልቡ «ከያዘልኝ ማንም አያውቅም» ይል ነበር። እሳት ያው እሳት ነው፤ ማን ከየት መጣ ብሎ ይጠይቀዋል? ድንጋዩን መታው። ፍንጣሪው ብልጭ እያለ ወደቀ፤ ግን ገለባው ረጥቧል፣ ኩበቱ ረጥቧል፣ የለበሰው ጋቢ ሳይቀር ረጥቧል። እያንዳንዷ ፍንጣሪ የምታርፍበት አጥታ ሞተች።

«ጠፍቷል፣ አይደል?» አለች ሚስቱ።

ባልጩቱን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠ።

«አንተ ሰው፣ የልጁ እግር ቀዝቅዟል። እኔም ትኩስ ነገር ሳልቀምስ ነው ያደርኩት። ገል ይዘህ ውጣ።»

«ወንድ ልጅ ገል ይዞ?»

«ሌላ ወንድ ልጅ እዚህ በብርድ ይንቀጠቀጣል» አለችው። «ከሁለታችሁ የማንኛችሁ ይብሳል?»

አባ ረመጥ ገሉን ከጋቢው ሥር ደብቆ ወጣ።

የቅርብ ጎረቤቱ ከበረንዳው ቆሞ የሚያፈሰውን ጣሪያ እያየ ያማርር ነበር። ሲያየው ግን ፊቱ በራ።

«አባ ረመጥ! ከጋቢህ ሥር ምን ይዘህ ነው? ጠጅ ከሆነ እንዳታሳልፈኝ!»

«ገል ነው» አለ ሰውየው። «እሳቴ ጠፋብኝ።»

ጎረቤቱ እጁን ከደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረና «ምን ላድርግ ወንድሜ» አለ፣ «ላሜ ወልዳለች።»

ከቤት ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ግን የሚስቱ ድምፅ ተሰማ፦ «ተው አንተ! አራስ ያለችበት ቤት ነው!»

«ስቀልድ ነው» አለ ጎረቤቱ። «ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር። እኛም ውሃ ገብቶብን ጠፍቷል፤ የላይ ቤቶቹም እንዲሁ። እሳት አለ ከተባለ ከማዶ ያለችው መበለት ጋር ነው፤ የማለዳውን ጢሷን አይተናል። ወንዙ ጎደል ሲል ልጅቷን እሰዳታለሁ ብዬ ነው የቆምኩት።»

አባ ረመጥ ወንዙን አየ። ሊጎድል አላሰበም። ልጁም ወንዝ እስኪጎድል የሚቆይ ልጅ አይደለም። ጋቢውን ከወገቡ በላይ ጠቅልሎ ገባበት።

ውሃው እስከ ወገቡ ደረሰ፤ በበትሩ እየተደገፈ ተሻገረ። መበለቲቱ ከደጇ ቆማ ሲመጣ አይታዋለች። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ሰው ከላይ እስከ ታች ተመለከተችውና «ላምህ ደኅና ናት?» አለችው።

«ላም የለኝም» አለ።

«አውቃለሁ። ግባ፣ ዝናብ ላይ አትቁም።»

ወደ ምድጃዋ ሲጠጋ ደነገጠ። አመዱ ሻካራ ነው፣ በላዩ የከሰል ስባሪ ይታያል፣ እዚህም እዚያም ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳው ቀጭን ጢስ ይወጣል።

«እናቴ፣ እንዲህ ነው የሚዳፍኑት? ነፋስ ይገባዋል እኮ!»

«ታዲያ በምን ይተንፍስ?» አለችው።

መበለቲቱ አመዱን በጣቷ ጫፍ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ። ከገሉ ላይ አመድ እየጎዘጎዘች ትነግረው ጀመር።

«ባሌ የሞተ ዓመት ምድጃዬን ረስቼው ነበር። ለማን ብዬ ላንድደው? እዚያው ከቀዝቃዛው አጠገብ ተቀምጬ እውላለሁ። አንድ ቀን አባትህ ወንዙን ተሻግሮ መጣ፤ በእጁ ገል ይዞ። ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰው ገል ይዞ! መንደሩ እንዴት እንደሳቀበት ብታይ። ምንም አላለኝም፤ እሳቱን አቀጣጠለልኝና ሄደ። ከታች ያለው አንጥረኛ ያን ጊዜ ገና መምጣቱ ነበር፤ እርሱም ከኔ ጫረ። አንተ የመለስከኝ ዕለት ታዲያ እኔ ከአንጥረኛው ጫርኩ። ይኸውልህ።» ፍሙን አንሥታ ከገሉ ላይ አኖረችለት። «የአባትህ እሳት ነው።»

ሰውየው ከምድጃው አጠገብ ተንበረከከ። በእጁ የገደለው እሳት ሳይሞት ኖሯል፤ የኖረውም እርሱ ባልጠበቀበት ቦታ ነው። ሲቆይ ልቡ ተመለሰለትና፣ ከእንባው ጋር ትንሽ ኩራትም ቀላቅሎ፣ «እንግዲያ ይህ የአያቴ እሳት ነው» አለ።

መበለቲቱ ሳቀች። «የአያትህ? አያትህ ወደዚህ አገር ሲመጣ ከአንዲት አህያና ከአንዲት ሚስት በቀር ምን ነበረው? እሳቱን የጫረው ከባሌ አያት ነው። ከዚሁ ምድጃ።»

«የባለቤትዎ አያትስ ከማን ጫሩ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቀብረዋል፤ ሂድና ጠይቃቸው። ይልቅ ተነሥ፤ ልጅህ ይበርደዋል።»

ሰውየው ገሉን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር፤ ውሃው ግን እንደነበረ ነው። በትሩን ጣለው፤ ሁለት እጁ ለገሉ ያስፈልጋል። ገሉን ከፊቱ ከፍ አድርጎ ያዘና ገባ።

በዚህ ጊዜ ነው ያየው። ሌላ ማየት አይችልም ነበር። ዐይኑን ከፍሙ ላይ ካነሣ ገሉ ያዘነብላል፤ እፍ ማለቱን ከተወ ፍሙ ይጨልማል። ትንፋሹን ሲሰጠው ይቀላል፤ ትንፋሹን ወደ ራሱ ሲስብ ይደበዝዛል። በላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነጭ አመድ ነበረ። ትንፋሹ ሲነካው ልጣጩ ተነሥቶ ይበርራል፤ ከሥሩ ሌላ ቀይ ይወጣል፤ ያም ወዲያው ሌላ ነጭ ይለብሳል። ነፋስ በገብስ ማሳ ላይ ሲሮጥ ማሳው እንደሚያበራና እንደሚጠቁር፣ በዚያች ትንሽ ፍም ላይም ብርሃንና ጥላ ይሮጡ ነበር። ይህ ሁሉ ነገር በአንዲት ፍም ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር።

ከፍሙ ጎን የእንጨቱ መስመሮች ገና ይታያሉ። ወይራ ነው። ይህ ወይራ የተቆረጠው ባለፈው በጋ ነው፤ አባቱ ይህን እንጨት አላየውም። አንጥረኛው ያነደደው እንጨት አመድ ሆኗል፤ የመበለቲቱ ባል አያት ያነደዱት ደግሞ አመዱም አፈር ሆኗል። ታዲያ የአባቴ ነው ብዬ የያዝኩት የትኛው ነው? እንጨቱ አይደለም። አመዱም ጢሱም አይደለም። በእጅ ሊያዝ የሚችለው ሁሉ በየመንገዱ ቀርቷል። እስከዚህ ድረስ የመጣው ማንም ሊይዘው ያልቻለው ብቻ ነው።

ውሃው ወገቡን እየገፋው ሳለ ውሃውን ረሳው። ከማዶ ቆሞ የነበረው ጎረቤት በወንዙ መካከል አንድ ሰው ገል ከፊቱ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየና ጮኸ፦ «አባ ረመጥ! ውሃው ሊወስድህ ነው! ምን ያቆምሃል?»

እግሩን አንሥቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ከጣሪያው ሥር ደርቆ የቀረ ጭራሮ መዘዘ፤ ፍሙን ከጉልቻዎቹ መካከል አኖረና ጭራሮውን አስጠጋለት። ፊቱን ከመሬት አጠጋ። የሚሻገርባትን ቅጽበት ማየት ፈለገ፤ የሌላ ሰው የነበረው እሳት የእርሱ የሚሆንባትን ያችን ቅጽበት። እፍ አለ። ጢስ ነበረ። ከዚያ ነበልባል ነበረ። በሁለቱ መካከል ድንበር ፈለገ፤ አላገኘም። እሳቱ የመበለቲቱም የእርሱም ሳይሆን የቆየባት ስፍራ አልነበረችም። ፍሙንም አየው። የሰጠው ፍም አልደከመም፤ ነበልባሉ ሲመታው ጭራሽ ቀላ። ለዓመታት እርግጠኛ ያልሆነበት ነገር በየማለዳው ከአፍንጫው ሥር ሲታይ ኖሯል።

«ምንድን ነው የምታየው?» አለች ሚስቱ፤ ዝምታው ቢረዝምባት።

«እሳት።»

«አይተህ አታውቅም?»

«አላየሁም» አለ።

ሚስቱ ሕፃኑን ይዛ ወደ ሙቀቱ ቀረበች። የሕፃኑ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። አባ ረመጥ እርሱንም እንደ ፍሙ አየው። ይህስ ከማን ተጫረ? እስከ አያቱ ሄደ፤ ከአያቱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተወ።

ጥቂት ቆይቶ ከደጅ ሳል ተሰማ። ጎረቤቱ ነበር፤ ጢሱን አይቶ መጥቷል። በእጁ ገል ይዟል።

«ምን ታየኛለህ?» አለ ጎረቤቱ። «አንተ ወንድ፣ እኔ ወንድ። ይስቁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ላምህ ግን እንዴት ናት?» አለ።

«ወተቷ ነጥፏል» አለ አባ ረመጥ። «ና ግባ፤ ጫር።»

በዚያ ቀን ከዚያ ምድጃ ስንቱ እንደጫረ አልቆጠረም። ማታም አመዱን እንደመጣለት ዝቆ ዳፈነው። በመዳፉ አልጠቀጠቀውም።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ተማሪው ዞሩ።

«አንተም» አሉት፣ «አደራ ጠባቂ ነህ። ያስተማርኩህ ሁሉ አንተ ዘንድ እንዳለ አለ፤ አንዱም አልጎደለም፣ የአንዱም ቅርጽ አልተለወጠም። ስጠይቅህ አውጥተህ ትሰጠኛለህ። በእጄ እይዘዋለሁ፤ አያቃጥለኝም። ዐይን ጎድሎህ አይደለም ልጄ። እንዳትሳሳት ፈርተህ ክዳኑን መርገኸው ነው። ጉንዳን ስታይ መምህራን ስለ ጉንዳን ያሉት እንዳይጠፋብህ ትጠብቃለህ፤ ጉንዳኑ ግን ያልፍሃል።»

ተማሪው አንገቱን ደፋ።

«ደግሞ አንድ ነገር ስማኝ። ምሥጢሩ ከነገሩ ጀርባ የተደበቀ ይመስልሃልና ነገሩን ገፋ አድርገህ ከኋላው ትፈልጋለህ። ያ ሰው ከእሳቱ ጀርባ ምን አገኘ? ምንም። ያገኘው እሳቱን ነው፤ እስኪያስደነግጠው ድረስ አየው። በል እስቲ፣ ዛሬ ጠዋት ያመጣኸው ፍም ምን ይመስል ነበር?»

ተማሪው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ስለ እሳት የተማረው ሁሉ በተራ በተራ ወደ አንደበቱ መጣ፤ አንዱንም አላወጣውም። ብዙ ቆይቶ «ከመንደር እስከዚህ ድረስ በእጄ ይዤው ነበር» አለ። «አላየሁትም።»

የኔታ ከአጠገባቸው የነበረውን ውሃ የሞላ ቅል አነሡና ምድጃው ላይ ደፉት። እሳቱ ጮኸ፤ ጎጆው በእንፋሎት ተሞላ፤ ተማሪው ደንግጦ ተነሣ።

«የኔታ! ምሳ ገና አልበሰለም እኮ!»

«አይበስልማ» አሉ የኔታ፤ ገሉን አንሥተው እየሰጡት። «ሂድና ጭረህ ና።»

«ስንብቴስ?»

«ስንብቱ አይሸሽም። ስትመለስ ምሥጢር አምጣልኝ አላልኩህም፤ ቅኔም አልጠየቅኩህም። ፍሙን ብቻ ትነግረኛለህ።»

ተማሪው ገሉን ይዞ ወጣ። ከደጅ ያስቀመጠውን እስር አልፎት ሄደ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ወጥተው ወደ መንደሩ መንገድ ያዩ ጀመር፤ ርቧቸዋል። በመጨረሻ ብቅ አለ። ግን አይመጣም። በመንገዱ መካከል ቆሟል፤ አንገቱን ወደ ገሉ ደፍቷል፤ ትከሻው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አንተ!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «እሳቱን አምጣው እንጂ! ምን ያቆምሃል?»

አልሰማም።

ሌላው ሊጠራው ሲሮጥ የኔታ ከደጃቸው እጃቸውን አነሡ።

«ተዉት» አሉ። «ወንዝ መካከል ነው።»